የአለነ ሁለተኛ አሻራ

የቴሌኮም ተቆጣጣሪው ዋኘው አዘዞ ውስጥ፣ ካላለቀ ሕንፃ ሥር፣ ጭንቅላቱን በድንጋይ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ያለቀሰለት ሰው እምብዛም አልነበረም። ወደዚያ የጠራው የመጨረሻው ስልክ የተደወለው በአለነ ስም ከወጣ ሲም ነበር። አለነ የዛሪማ ገበሬ ነው። ዋኘው «ፈቃድ የለውም» ብሎ የመንደሩን የኔትወርክ ማጉያ በነቀለ ሰሞን፣ ሚስቱን ምጥ ይዟት አምቡላንስ መጥራት አቅቶት እጁ ላይ ሞታበታለች። አለነም ገበያ መሃል «እገድለዋለሁ!» ብሎ ዝቷል። አሁን ጨቅላ ልጁን ለጎረቤት ትቶ ታሰረ።

መርማሪ ፀደይ ፊት ሲቀርብ አልተቅለሰለሰም።

«ብገድለው ደስ ባለኝ። ግን አልደወልሁም።»

«አያ አለነ፣ ሲሙ በስምህ ነው።»

«እኔ ያለኝ አንድ ሲም ነው። ጎንደር፣ አባይነሽ ሱቅ ያወጣሁት። ‹ሞፈር የጨበጠ ጣት ማሽኑ አያነበውም፣ ድገመው› ብላ ሁለቴ አሻራ አሰጠችኝ።»

ፀደይ ሌላ ሱቅ ወስዳ አሻራውን አስሞከረችው። ማሽኑ በመጀመሪያው ተቀበለው።

ቀጥሎ ዋኘው የኮንትሮባንድ ዕቃ ወደወረሰበት ስልክ ነጋዴ ወደ በድሩ ሄደች። ጥሪው የተደረገበት ቀፎ መለያ ቁጥር፣ መደርደሪያው ላይ ከቀረ ባዶ ካርቶን ጋር ገጠመ።

«ለማን ሸጥኸው?»

«አላስታውስም፣ እህቴ።»

ይዋሻል፤ ላቡ ችፍ ብሏል። በማግሥቱ አለነን፣ በድሩንና ሲም ሻጯን አባይነሽን ጣቢያ ሰበሰበቻቸው።

«አለነ ሁለቴ አሻራ ሰጠ፤ ጣቱ ግን ምንም አልሆነም። ሁለተኛው አሻራ ሁለተኛ ሲም አወጣ። ያን ሲም ማን ተጠቀመበት? ቀፎውን የገዛው። በድሩ፣ ኮንትሮባንድና ነፍስ ማጥፋት አንድ አይደሉም። በየትኛው መጠየቅ ትፈልጋለህ?»

«ወላሂ፣ ለአባይነሽ ነው የሸጥሁት!»

አባይነሽ አልካደችም። እንዲያውም ቀና አለች።

«በሰው ስም የወጣ ሲም ያሸጠን የነበረው ራሱ ዋኘው ነው። ሲነቃበት ወንድሜን ምንይችልን አሳሰረው። ወንድሜ እስር ቤት ሞተ። ገዳዩ ግን ማዕረግ ጨመረ! ገደልሁት፣ እሰይ! ዛሬም ቢነሣ እደግመዋለሁ።»

ወደ አለነ ዞረች።

«አያ አለነ፣ ያንተንም ደም መልሼልሃለሁ።»

ፖሊሱ የአለነን ካቴና ፈታ። አለነ አንጓውን እያሻሸ ትክ ብሎ አያት።

«ለእኔ ብለሽ ቢሆን በእኔ ስም ባልጠራሽው። ልጄን እናቷን እሱ ነሳት፤ አባቷን ደግሞ አንቺ ልትነሻት ነበር።»