እኔ ያልነካሁት ክር

እኔ እንደሆንኩ «ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «መጀመሪያ እንቅልፍህን ጠግበህ ተኛ» የምል ሰው ነኝ፣ በሥራ ቀን ግራንድ ፕሬሪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፣ እሁድ ቸርች ጊታር እመታለሁ፣ በጌታ አምናለሁ፣ በወሬ አላምንም። አሁን የምነግርህን ሰምተህ ብትስቅብኝም አልፈርድብህም።

ዋይሊ የምትባል ጎረቤት ከተማ የሚኖሩ እትዬ አስቴር የሚባሉ የቸርቻችን እናት አሉ። በቅርቡ ያረፉት ባለቤታቸው ጋሽ ታምራት ጡረታ ከወጡ በኋላ ሉት ሲመቱ ነበር የሚውሉት፤ ጀርባው እንደ ቅል ያበጠ፣ ፈረንጆች ከጊታር በፊት ይመቱት የነበረ የጥንት መሣሪያ ነው። ክሩ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ሁለቱ እንደ አንድ እንዲሰሙ በአውራ ጣትህ ሥጋ እኩል ጫን አድርገህ ትለቃቸዋለህ፣ በጥፍር ከነካህ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ያልፈዋል።

ለመጽናኛው የቤት ጸሎት እትዬ አስቴር «የሚወደውን መዝሙር በራሱ ሉት ምታልኝ፣ ድምፁን አንዴ ልስማው» አሉኝ። «ኖ ፕሮብለም፣ እማዬ» አልኩ። ለእሁድ ጊታር ያሳደግኩትን ጥፍር መቁረጥ ግን አሳሳኝና፣ ማን ያውቅብኛል ብዬ ከየጥንዱ አንዱን ክር ብቻ እየነካሁ ልወጣው አሰብኩ፣ ወይ ድፍረት!

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሳሎኑ ሰው ሞልቶ። ገና ስጀምር ያልነካሁት ክር ትንሽ ዘግየት እያለ ይከተለኝ ጀመር። ሪዞናንስ ነው፣ አንዱ ክር ሲመታ ጎረቤቱም አብሮ ይርገበገባል ትለኛለህ፣ እኔም ለራሴ ያልኩት እሱን ነው፣ ግን እመነኝ፣ የጥፍር ድምፅ አልነበረም፣ የጣት ሥጋ ድምፅ ነው፣ ለስላሳ። አዝማቹ ላይ ስደርስ ደንግጬ ዜማው ጠፋኝና ሁለቱንም እጆቼን አነሳሁ። መዝሙሩ አልቆመም። ቀጠን ብሎ ቀጠለ።

እትዬ አስቴር ዓይናቸውን ጨፍነው «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ዝግ ይል ነበር» አሉ፣ እውነትም ዝግ አለ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «በኢየሱስ ስም!» ብዬ ጮኼ መዳፌን ክሮቹ ላይ ጣልኩት። ክሩ ከመዳፌ ሥር ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ።

የጸሎት መሪያችን ሮጦ መጣ። «ብሮ፣ ኦኬ ነህ? ማለቴ፣ ገና ድሮ አቁመህ የለ እንዴ፣ ማንን ነው የምትገሥጸው?» ለካ ከእኔና ከእትዬ አስቴር በስተቀር ማንም አልሰማም ነበር።

«ምናለ፣ ልጄ፣ እስኪጨርስ ብትተወው?» አሉኝ እትዬ አስቴር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። መንፈስ ይሁን፣ ክር ይሁን፣ ጋሽ ታምራት ይሁኑ አላውቅም፤ የማውቀው ባላቸውን የቀበሩ እናት የለመኑኝን ድምፅ ከጆሯቸው እንደነጠቅኩ ነው። ጥፍሬን ቆርጬ እየተመላለስኩ እመታላቸዋለሁ፣ ጥንዱንም አሁን በደንብ አወጣዋለሁ። እሳቸው ግን መሐል ላይ ክንዴን ያዝ ያደርጉና «ተወው እስኪ፣ አሁን አትንካው» ይሉኛል። ሉቱን ጭኔ ላይ እንዳደረግኩ እጄን አነሳለሁ፣ ሁለታችንም እናዳምጣለን።