በሦስት ነፍስ የተያዘ መሬት

እኔ ዘለቀ፣ ጋኔን፣ ዛር፣ የሙት መንፈስ የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን የምልህ አፌን ለማሳመር አይደለም ወዳጄ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የሬዲዮ ጥገናን ከተሰበረ ሬዲዮ፣ እንግሊዝኛን ከመኪና መመሪያ መጽሐፍ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ገመዱን ተከትሎ የሄደ ሰው ብልሽቱን ያገኘዋል ብዬ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት፣ ኦክላንድ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ስነዳ ስንቱን መቃብር በር ላይ አውርጃለሁ፣ አንድም ቀን ጸጉሬ ቆሞ አያውቅም። ይህንኑ ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ «ሰውዬው እንቅልፍ ያንሰዋል» ብዬ አልፈው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ሰላም ሾን የሚባለውን እጮኛዋን ይዛ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ወዳለው አፓርታማዬ የመጣች ቀን ነው። ልጁ ዘሩ ከአይርላንድ ነው፣ ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ጺሙ ቀይ ነው፣ ሚጥሚጣ ሲበላ እንባው እየወረደ «ጥሩ ነው» የሚል ጨዋ፣ እውነቱን ለመናገር ገና ሲገባ ነው የወደድኩት። ግን እኔ ሥርዓት አዋቂ ነኝ።

«ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አልድርም» አልኩ።

ሰላም ሳቀች። «አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ከአይርላንድ ጋር ዘመድ እንሆናለን ብለህ ነው?»

«ለዝምድና ብቻ አይደለም፣ የሰው ቤት የሚታወቀው ሲቆጠር ነው።»

«እሱ እኮ እስከ ግራንድፓው ድረስ ነው የሚያውቀው።»

«እኔ አገኝለታለሁ።»

«ካላገኘህስ?»

«ካላገኘሁ ሠርጉ ላይ አልቆምም።»

እንደዚያ እንደምል እኔም አላወቅኩም ነበር፣ እመነኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከጎኗ የሚቆም እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሾን ከሚያውቃት ጥቂት አማርኛ «እሺ ጋሼ» አለ፣ እኔ ደግሞ ያልኩትን የማልመልስ ሰው ነኝና ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው ፍለጋ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጓደኞቼ መጫወቻ አደረጉኝ፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ ለፈረንጁ ርስት ልትሟገትለት ነው?» እያሉ። ይሳቁ። አባቴ ፍርድ ቤት ቆሞ ርስቱን ሲሟገት እስከ አቅኚው አባት አሥራ አንድ ትውልድ በቃሉ የሚቆጥር ሰው ነበር፣ እኔም የእሱ ልጅ ነኝ።

የአይርላንድ ቄሶች የክርስትና መዝገባቸውን የጻፉት ዶሮ ቀለም ውስጥ ነክረው የለቀቁ ይመስላል፣ ስሙን ደግሞ በላቲን ነው የሚያሰፍሩት፣ ጄምስን ያኮቡስ ይሉታል፣ በዚያ ላይ ልጁ ሁሉ የአያቱን ስም ስለሚወርስ በአንድ ሰበካ ውስጥ ስድስት ዳንኤል ታገኛለህ። የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይሸሻል። እኔ ግን የክርስትና እናትና የክርስትና አባቶቹን እያመሳከርኩ፣ ከሾን ወደ ፓትሪክ፣ ከፓትሪክ ወደ ጄምስ፣ ከዚያ ሚካኤል፣ ከዚያ ዳንኤል፣ ከዚያ ቶማስ ድረስ ደረስኩ። ስድስት! ሰባተኛው ላይ ግን ቆምኩ፣ የቶማስ ክርስትና የተጻፈበትን ገጽ ውሃ በልቶታል፣ የአባቱ ስም የለም። ሠርጉ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ሳን ሆዜ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጡረተኞች በነጻ የሚያገለግሉበት ትንሽ የዘር መዝገብ ክፍል አለ፣ በባቡር እየተመላለስኩ ሊንዳ ከምትባል ባልቴት ጋር ተላምደን ነበርና ችግሬን ስነግራት «የቤተ ክርስቲያኑ ከጠፋ የመሬቱን እንይ» አለችኝ።

«መሬቱ ስለ አባቱ ምን ይነግረኛል?»

«ድሮ መሬት የሚከራየው በዓመት ብቻ አልነበረም፣ በነፍስም ነበር። ውሉ ላይ የሦስት ሰው ስም ይጻፋል፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሕይወት እስካለ መሬቱ የተከራዩ ነው፣ ሦስቱም ከሞቱ ባለመሬቱ ይወስደዋል። አንዱ ሲጎድል፣ ባለመሬቱ ከፈቀደ በቦታው ሌላ ስም ይተካል። የባለመሬቱ ወኪልም በየጊዜው እየዞረ አሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«ማንን ነው የሚያስጽፉት?»

«ትናንሽ ልጆቻቸውን ነዋ፣ ብዙ እንዲቆዩ።»

«እንደ እኔ ያለ ጠንካራ ሽማግሌስ?»

«ሽማግሌ ማን ያስጽፋል!» ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች፣ ሊንዳ የሰበካውን የመሬት ውሎች ማይክሮፊልም ሰጥታኝ የማንበቢያዋ ክፍል ገባሁ። ክፍሏ ከጓዳ አትበልጥም፣ መስኮት የላትም፣ በሯ ላይ መዳፍ የምታክል መስታወት አለች። ማሽኑ የድሮ ነው፣ እጀታውን ስታዞር ፊልሙ ይሄዳል፣ ምስሉ ከላይ ነጭ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ያህል አዞርኩ፣ ከዚያ አገኘሁት። ብራያን የሚባል ተከራይ፣ ውሉ በሦስት ነፍስ፣ አንደኛ ልጁ ቶማስ፣ ዕድሜው አራት፣ ሁለተኛ ልጁ ብሪጂት፣ ዕድሜዋ ሁለት።

«ሰባት!» ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ብራያን ሰባተኛው ቤት ነው። ማስታወሻዬን ጽፌ መውጣት ነበረብኝ፣ ግን ሦስተኛው መስመር ደብዝዞ ነበር፣ እኔ ደግሞ ማንበብ ያቃተኝን ጽሑፍ ትቼ የምነሳ ሰው አይደለሁም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የኩበት ጭስ ዓይነት ሽታ፣ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ማን ኩበት ያነዳል? ቀጥሎ ከፊልም መሳቢያዎቹ በኩል ሳል ሰማሁ፣ ውሃ ያዘለ ሳል፣ ሊንዳ መስላኝ «ይማርሽ» አልኩ። ቀና ስል ማንም የለም። ከዚያ ጠብታ፣ ጠብ... ጠብ... እርጥብ ልብስ ከለበሰ ሰው ላይ እንደሚወርድ ያለ። ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ሦስተኛው መስመር ጣቢያው እየያዘ እንደሚሄድ ሬዲዮ ቀስ እያለ እየጠራ ነበር። በዚያው በአሮጌው ቀለም፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፣ ሰላም፣ የዘለቀ ልጅ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ።

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ አደረግኩት። ያው ነው።

እጀታውን ወደፊት አዞርኩ፣ የሚቀጥለው ገጽ ያው ገጽ ነው። ወደኋላ አዞርኩ፣ ያው ነው፣ ክንዴ እስኪዝል አዞርኩ፣ ያንን ሁሉ ፊልም የሞላው ያ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ ልብ በል፣ ሶኬቱን በእጄ ይዤዋለሁ፣ ብርሃኑ ግን አልጠፋም። ገመዱን የተከተለ ብልሽቱን ያገኛል ስል የኖርኩት ሰው ገመዱን ይዤ ቆምኩ።

ወደ በሩ ሄድኩ። እጀታው ይዞራል፣ በሩ አይከፈትም፣ ቁልፍ የሌለው በር ነው እኮ! በመስታወቷ ሊንዳ ትታየኛለች፣ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ተቀምጣ መጽሔት ትገልጣለች፣ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ፣ ስሟን ጠራሁ፣ ቀና አላለችም። ስልኬን ሳወጣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። አየሩ ከበደኝ፣ ግድግዳዎቹ የተጠጉ መሰለኝ፣ ከኋላዬ ያ ጠብታ ከመሳቢያዎቹ ተነስቶ ወደ ወንበሬ ደርሷል፣ ዘወር አላልኩም፣ እኔ ዘለቀ ዘወር ማለት አቃተኝ።

ያኔ ነው የሊንዳ ቃል የመጣልኝ፣ በቦታው ሌላ ስም ይተካል ያለችው። ግድግዳ ግድግዳውን ታክኬ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ፣ እርሳሴን አወጣሁ፣ የልጄ ስም ባረፈበት ነጭ ጠረጴዛ ላይ ሰረዝ አደረግኩና ከሥሩ የራሴን ስም ጻፍኩ፣ ዕድሜ ሰባ አራት። ከትከሻዬ ኋላ የሆነ ነገር ሳቀ። ንቀት ነበረበት፣ እመነኝ፣ በዚያ ፍርሃት መካከል እንኳ አናደደኝና ጨመርኩበት፣ «ጤነኛ፣ መድኃኒት የማይወስድ»።

በሩ ተከፈተ። ሊንዳ ናት።

«ሚስተር ዘለቀ፣ አብሮህ የገባው ሰው ማን ነው?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ወለሉን ማን አረጠበው?»

ከመሳቢያዎቹ እስከ ወንበሬ የባዶ እግር ኮቴ ነበር፣ እርጥብ። ጠረጴዛው ላይ የወረደው ምስል ሦስተኛው መስመር ላይ የተቀደደ ነው፣ ቀዳዳ ብቻ። ሊንዳ ጠረጴዛ ላይ መጻፌን አይታ እንደ ሕፃን ተቆጣችኝ፣ እርሳሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ ጠፋ። እኔም አለቀ ብዬ ወጣሁ።

ሠርጉ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ከተማ ነበር፣ ከልጄ ጎን ቆምኩ፣ ማይክሮፎን ይዤ የሾንን ሰባት ቤት በቃሌ ስቆጥር አይርላንዶቹ አለቀሱ፣ ያፌዙብኝ ጓደኞቼ ቆመው አጨበጨቡ። ስለ ክፍሉ ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ጺሜን ስላጭ ስልክ ተደወለ፣ ቁጥር የለውም። አነሳሁ፣ መጀመሪያ ያ ሳል፣ ከዚያ ድምፅ፣ «አለህ?» በምን ቋንቋ እንደጠየቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን ገባኝ።

«አለሁ፣ ማን ልበል?» ስል ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት አራት ወሩ ይደውላል። አንድ ጊዜ አላነሳም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተንኳኳ፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ስከፍት ማንም የለም፣ የእግር መጥረጊያው ብቻ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ቁጥሬን ቀየርኩ፣ አዲሱ ላይ ደወለ። ቀስ በቀስ ለመድኩት፣ እንዲያውም ኮራሁበት ብልህ ታምነኛለህ? ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ውል በእኔ ጤና ላይ ቆሟል እያልኩ በየቀኑ ሐይቁን እዞር ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሠርጉ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖት፣ ደግሞ ደወለ። ሰላም ልጇን ሊያን እኔ ጋ ትታ ወደ ሥራ ሄዳለች፣ ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ማንኪያ እየደረደረች ትቆጥራለች፣ እኔም በእሷ ልቤ ሞልቶ ስልኩን አነሳሁ። ሳሉ መጣ። «አለሁ» ልል አፌን ስከፍት ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ልጅ እንደሚያጫውት ሽማግሌ።

«ሕፃኗ ስንት ዓመቷ ነው?»

እኔ በልጅ ልጄ የምመካ ሰው ነኝ፣ ምላሴ ቀደመኝ። «ሁለት ዓመቷ፣ እስከ ሃያ ትቆጥራለች!»

ስልኩ አልተዘጋም። ብዕር ወረቀት ሲጭር ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ መስመር፣ ከዚያ ብዕሩ ሲቀመጥ።

እሷ ውሉ ላይ መግባቷ በእኔ ቦታ ይሁን ከእኔ ቀጥሎ አላውቅም፣ የሚነግረኝም የለም። ሊንዳን ልጠይቅ ደወልኩ፣ ክፍሉ ተዘግቷል አሉኝ። ለሰላም ምን ብዬ ልንገራት? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ እኔ እስካለሁ የሕፃኗ ተራ ላይደርስ ይችላል። አልወስድም ብዬ የተኩራራሁበትን የደም ግፊት መድኃኒት ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ መንገድ የምሻገረው መኪናው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፣ ስልኩንም ከእጄ አልለይም። ሲጮኽ ማን እንደሆነ አላይም፣ ሳሉንም አልጠብቅም፣ ገና ሳነሳ፣ ሰላምም ትሁን ሾን ወይም ዕቃ አድራሽ፣ «አለሁ» እላለሁ።

ትናንት ሊያ የማንኪያዋን እጀታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አለሁ» ስትል ሰማኋት። ከእኔ ሰምታ ነው። ከእኔ ነው የሰማችው።