ያልጠፋችው ልጄ ማስታወቂያ

ይህን ፈጠራ ነው የሚል ካለ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ መናኸሪያ ሄዶ ግድግዳውን ይመልከት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ የእኔ ነው።

ዓርብ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐዩ ሰው የሚጥልበት ሰዓት...

ልጄ ሂያምና ጓደኛዋ ምስጋና ከክፍላቸው ተማሪዎች ጋር አስፈሪ ፊልም ሠርተዋል። ስለ ጠፋች ልጅ ነው። የምትጠፋዋ ሂያም ናት።

የፊልሙን ማስታወቂያ ምስጋና በስልኩ ነደፈው። የሂያም ፊት በጥቁርና ነጭ፣ ከላይ «ጠፍታለች» የሚል ጽሑፍ። ስሟን ሳና ብለውታል። ፊልም መሆኑን የሚናገረው መስመር ከታች ጉንዳን ያህላል።

አጉላው አልኩት።

«ኻልቲ ሀዲያ፣ ካጎላሁትማ ማን ይፈራል?» አለኝ፤ ኻልቲ የሚለኝ አክስቴ ለማለት ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ ያ የመናኸሪያ ግድግዳ በእውነት በጠፉ ሰዎች ፎቶ ተሸፍኗል። በደህና ልጅ ላይ እንዲህ አይጻፍም ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። እንግዲያውስ ወንዱ ሁሉ እንዳይደውልላት የእኔን ስልክ አድርጉበት አልኳቸው።

አደረጉ። ሐሙስ ለጠፉት።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከቁረይሻ ደወሉ። እርሻ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ሰው ፎቶውን በስልክ ልኮላቸው አይተዋል። ልጅቷ ማሽላው ዳር ቆማለች፣ ቀኝ እግሯን ታነክሳለች አሉኝ።

ፊልም ነው ልላቸው አፌን ስከፍት ቀና አልኩ...

ሂያም አልጋው ላይ ተቀምጣ ቀኝ እግሯን በጨርቅ ትጠቀልላለች።

«ምን ሆነሽ?»

«ሚስማር ወጋኝ። አሁን።»

ሽማግሌው ያሉትን ነገርኳት። ማስታወቂያው ሠርቷል በያ ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም።

ቀትር ላይ አንዲት ሻይ ሻጭ ከዶካ ደወለች። ልጅሽ አጠገቤ ናት፣ ውሃ አጠጥቻታለሁ፣ ወደ ገዳሪፍ በሚመጣ ሎሪ ላሳፍርልሽ ነው አለችኝ። ሳና ብላ ብትጠራት ግን ተቆጥታለች።

«ምን ብላ?»

«ስሜ ሂያም ነው አለችኝ።»

ያን ስም ወረቀቱ ላይ ማንም አልጻፈውም...

ይህን ስነግራት ሂያም አልሳቀችም። ተነሥታ የግቢውን በር ቆለፈች። ቁልፉን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ እዚያው ግቢ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የርክሻ፣ የባጃጅ ነጂ ነው።

«እናቴ፣ በራችሁ ላይ ነኝ። ልጅሽን አምጥቻታለሁ።»

«ቤቱን ማን አሳየህ?»

«እሷ ናታ።»

ሂያም ክንዴን ያዘች።

«ዩማ... እንዳትከፍቺ» አለች በሹክሹክታ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ እንደ ሱዳን ልጆች፣ ዩማ ነው የምትለኝ። ጣቶቿ በዚያ ሙቀት በረዶ ነበሩ።

በሩ ተንኳኳ... ቀስ ብሎ።

«ዩማ... ፀሐዩ አቃጠለኝ።»

የልጄ ድምፅ ነው። ትኩሳት ሲይዛት የምታወጣው ድምፅ።

አጠገቤ ያለችውን አየኋት። የልጄ ፊት ነው።

ልጄ ውጭ ያለችው ብትሆንስ? ታዲያ ይህችስ ማን ናት?

አላህ ይቅር ይበለኝ... እናት ልጇ በፀሐይ ስትነድ ቆማ አትሰማም። ቁልፉን ከእጇ ነጥቄ ሮጥኩ።

ከፈትኩ።

ነጂው ብቻውን ቆሟል።

«የታለች?» አልኩት።

«ገባች እኮ» አለኝ። «በአጠገብሽ አልፋ።»

ዞርኩ። ግቢው ባዶ ነው። ሂያም ከቆመችበት የለችም። የክፍላችን በር ተዘግቷል።

ከውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ... ሁለት ድምፅ። ሁለቱም የልጄ። አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች።

ቀረብ ስል ዝም አሉ።

«ሂያም?» አልኩ።

«ዩማ፣ ግቢ» አሉኝ። እኩል።

በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። በጠርዙ ላይ ጣቶች ታዩ፣ አንዱ እጅ ከሌላው በላይ...

ሁለት እጅ። ሦስት። አራት።

አምስተኛው እጅ ከሥር፣ ከወለሉ አጠገብ ወጣ። መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ።