መሪጌታ ክንዱ ሦስቴ የዘለሉበት ቀን

ምን ዓይነት ቀን ነበር ያ ቀን! ወይዘሮ ታደለች ዛሬም ስታስታውሰው ታልቅስ ወይስ ትሳቅ አይለይላትም። ባሏ መሪጌታ ክንዱ፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩት፣ ከሦስት ዓመት በፊት በቅዳሴ መሐል ተዝለፍልፈው ቢወድቁ፣ የአዲስ አበባ ሐኪሞች ልባቸው ከምቱ ሲስት በኤሌክትሪክ ነዝሮ የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ ደረታቸው ቆዳ ሥር ቀበሩላቸው። «ደጋግሞ ከመታቸው ግን ሳትዘገዩ ሆስፒታል!» ብለው ለታደለች አደራ ሰጧት።

ዘንድሮ በጥቅምት ብርቱ ጉንፋን አገሩን አዳረሰ። መሪጌታም በትኩሳት ነደዱ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብትላቸው «ለንፍጥ ደግሞ ሐኪም!» ብለው ተቆጧት። ወይ ግትርነት!

በአራተኛው ቀን ታናሽ ወንድማቸው አዱኛ መታመማቸውን ሰምቶ እያለቀሰ ገባ። በእናታቸው ተዝካር ላይ ሞቅ ብሎት «የጋሼ ዜማ ጠላውን አኮመጠጠው» ካለ ወዲህ ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። ለዚህች ቃል... ስድስት ዓመት!

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ እጃቸውን ይዞ።

«እስክሞት ይቅር አልል...»

ዘለሉ! ከመደቡ ስንዝር ያህል ተነሥተው ተመለሱ። አዱኛም እጁን ነዝሮት «እግዚኦ! የእግዜር ቁጣ ነው!» ብሎ ተንበረከከ።

«አልልህም ብያለሁ!» አሉ። ዳግመኛ መታቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ! ይቅር ብዬሃለሁ!»

ሦስተኛው መጣ።

«ጌታዬ፣ ይቅር አልኩ እኮ!» እያሉ ወደ ጣሪያው አንጋጠው አለቀሱ።

ታደለች ሳቋ ከእንባዋ ጋር ሲታገላት የሐኪሞቹ አደራ ትዝ አላት። «መሪጌታ፣ እግዜር አይደለም፣ ልብዎ ነው!» ብላ ጎረቤቱን በጩኸት ሰበሰበች። ቃሬዛ ተዘጋጀ። አዱኛ የፊቱን እንጨት ተሸከመ፤ መኪና መንገድ እስኪደርሱም ለማንም አልለቀቀም።

ማታ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሐኪሙ «አባቴ፣ የጉንፋኑ ቫይረስ የልብዎን ምት አዛብቶታል። መሣሪያው ባይመታዎ ኖሮ ሞተው ነበር» አላቸው።

መሪጌታ ከአልጋው ቀና አሉ። «እንግዲያ ቁጣ አልነበረማ? በከንቱ ነዋ ይቅር ያልኩት!»

 ታደለች በአገጯ ወደ ወለሉ አመለከተቻቸው። አዱኛ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል፤ ቃሬዛው የላጠው ትከሻው ሸሚዙን በደም አርሶታል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈፉ።

«ጋቢዬን... አልብሽው» አሉ። «ጧት ሲነቃ ይቅር ማለቴን እንደገና እነግረዋለሁ። አሁን ማንም ሳይመታኝ።»

ስንቱ ወንድም «ይቅር» የምትለዋን ቃል በአፉ እንደያዘ አፈር ገባ? ለእነዚህ ለሁለቱ ግን ዕድል ራራችላቸው፤ አንዲት ጧት ጨመረችላቸው።