ሳሉ ያልተቆረጠው ድምፅ

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ ስልካችሁን ለአፍታ አስቀምጡልኝ። የምነግራችሁ የአስማረን ነገር ነው።

በሁዳዴ፣ በመጻጉዕ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከወገዳ ከተማ ወረድ ብሎ ካለው ገደል አፋፍ አስማረ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን በድንጋይ ተመቷል። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? ጓደኛው ልመንህ እየተወነ ለሚለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ድምፅ መጨመር። ልመንህ ሲወድቅ የሚሰበር ገንቦ፣ ሲደነግጥ ነጎድጓድ። አስማረ የሰው ድምፅ አይበደርም፤ ነፋሱንም በረዶውንም ዞሮ ራሱ ነበር የሚቀዳው። ሬሳው አጠገብ ግን ስልኩ የለም።

ሰኞ ሳጅን ዘርፌ ስትደርስ ሰዉ «ገዳዩን» ይዞ ጠበቃት። አያ አወቀ ናቸው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ።

«አያ፣ ከልጁ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ለሽምግልና ቆሜ ስናገር ቀድቶ አፌ ላይ የአህያ ጩኸት አስገባበት! ገበያ ስወጣ ትልቁም ትንሹም ያናፋብኛል። እገድለዋለሁ ብያለሁ፣ አልክድም።»

«እሑድ ጠዋትስ የት ነበሩ?»

«ወንዝ፣ ከብት ሳጠጣ። ማን ይመስክርልኝ? በሬዎቼ?»

ዘርፌ በገነች። ሰውየው ራሳቸውን የሚያድኑበት አንዲት ቃል አይተነፍሱም። አለቃዋ ደግሞ በስልክ «ያለቀ ነገር ነው፤ ነገ ከሰዓት ደብረ ታቦር ላኪያቸው» ይላታል። አንዴ ከሄዱ ማን ዞሮ ያይላቸዋል?

ልመንህን አስጠራችው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«እኔማ ጊዮርጊስ ነበርኩ ሳጅን። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ይኸው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከዚያው ሆኜ የለቀቅሁት።»

ቪዲዮው ላይ ነጠላውን አጣፍቶ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሟል። «እንኳን ለመጻጉዕ አደረሳችሁ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከኋላው ከበሮ፣ ጸናጽል፣ እልልታ። ሦስት ሺህ ሰው ወዶታል።

ዘርፌ ደጋግማ አየችው። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስልኩን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። የሆነ ነገር ይከነክናታል፣ ግን ምን? «ወይ ጊዮርጊስ፣ ምነው ልቡናዬን ደፈንህብኝ!» እያለች መንገዱን ወረደች። መንገዷ ላይ ካለ ደብር በመቋሚያ ብቻ የሚዘመመው ዜማ ሲሰማት ቀጥ ብላ ቆመች።

ከዚያ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄደች። የአስማረ እናት የሻረግ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ የሻረግ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይችን አንዴ ይስሙልኝ።»

የሻረግ ሰማች። የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ማክሰኞ ጠዋት ዘርፌ ሁሉንም ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ እጃቸው የታሰረ አያ አወቀ፣ ልመንህ፣ የሻረግ፣ የጊዮርጊሱ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ። ቪዲዮውን አስከፍታ አሰማቻቸው።

«መሪጌታ፣ እሑድ የደብርዎ ከበሮ የት ነበር?»

«ዕቃ ቤት ነዋ! በሁዳዴ ከበሮ ይመታል እንዴ? በመቋሚያ ብቻ ነው የምንዘም።»

ሰዉ ወደ ልመንህ ዞረ። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«ኧረ ሳጅን! እሱማ ኢፌክት ነው፣ ለማድመቅ። ሁሉም ይጨምራል። ከበሮ ስለጨመርኩ ሰው ገደልኩ?»

«እሱስ አይደለም። መቼ ጨመርከው?»

«እዚያው፣ እሑድ ጠዋት።»

«ከየት አምጥተህ?»

«ከኢንተርኔት አውርጄ።»

«እትዬ የሻረግ፣ ይንገሩት።»

«እልልታው የኔ ነው» አለች የሻረግ። «ለጥምቀት ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሲቀዳ መሀሉ ላይ ሳል ያዘኝ። ቅዳሜ አሰማኝና ‹እማዬ፣ ይችን ሳል ቆርጬ አወጣታለሁ። ለማንም አልሰጠሁትም፤ ለትንሣኤ ነው› አለኝ። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ስልኩን ይዞ ወጣ።»

ዘርፌ እንደገና ከፈተችው። ከበሮ፣ ጸናጽል፣ እልልል... ከዚያ ሳል።

«ሳሉ ያልወጣለት ድምፅ ያለው አስማረ ስልክ ላይ ብቻ ነው» አለች። «ጎሕ ሲቀድ ስልኩ በእጁ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ድምፁ ባንተ ቪዲዮ ገባ። ምስሉን ድሮ ነው ያነሳኸው፤ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ጎደለህና እንደ ልማድህ ከአስማረ ወሰድክ። እሱ ግን በጾም ከበሮ እንደማይመታ ያውቅ ነበር። አንተ ከበሩ አልፈህ ስለማታውቅ የት ትሰማዋለህ!»

ልመንህ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ደብረ ታቦር ያሉ ፊልም ሠሪዎች ለሥራ ጠሩት» አለ። «እሱን ብቻ። ‹ያንተን ድምፅ ነው የምንፈልግ፣ የሚተውን ሰው ሞልቶናል› አሉት። እሱ ከሄደ እኔ ምን ነኝ? ለምኜው ነበር... ጀርባውን ሰጥቶኝ ነፋስ መቅዳት ጀመረ።»

የአስማረ ስልክ ከልመንህ ቤት፣ ገብስ ጎታ ውስጥ ተገኘ።

አያ አወቀ እጃቸው ሲፈታ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። የሻረግ አጠገብ ተቀምጠው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። «እኔም እኮ ረግሜዋለሁ» አሉ።

የሻረግ ግን ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው። «ልጄ፣ ድምፁን አሰሚኝ። አንዴ ሲናገር ብቻ።»

ዘርፌ ፈለገች። አንድ በአንድ እየከፈተች እስከ ቀትር ፈለገች። ነፋሱ አለ፣ በረዶው አለ፣ አህያው አለ፣ የእናቱ ሳል አለ። ያ ሁሉ ድምፅ ተሰብስቦ የአስማረ የራሱ ድምፅ አንድም ቦታ የለም። የሰውን ሲቀዳ የሱን የቀዳ አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ምናልባት በሠርግም በገበያም ስትቀዱ አስማረ ሲናገር ስልካችሁ ላይ ገብቶ ከሆነ፣ እባካችሁ እንዳታጠፉት። ለእናቱ አድርሱላት።