ጭራውን የያዘችው እጅ

በአንዲት የሩቅ ምሥራቅ ደሴት፣ ሳካ በሚባለው ዘመን አቆጣጠር በሰባት መቶ ሰባ ስምንት ዓመት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እሳት የሚተፋው የመራፒ ተራራ እንደ ወትሮው ቀጭን ጢሱን ወደ ምዕራብ ዘንበል አድርጎ ነበር፤ ከግርጌው በተዘረጋው ሜዳ ላይ ግን ከተራራው ይልቅ ዓይን የሚስበው፣ ንጉሡ ባላንጣዎቹን ድል ከነሳ ወዲህ የሚያሠራው ቤተ መቅደስ ነበር። ለአሥራ ሁለት ዓመታት የመሮ ድምፅ ከዚያ ሜዳ ተለይቶ አያውቅም። አሁን ምረቃው ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ዋናው ጠራቢ ባሁዊ በሰሜኑ ክፍል ውስጥ፣ ሰባት ወር ከደከመባት ከዱርጋ የድንጋይ ምስል ፊት ተቀምጧል። ይህች አምላክ በጎሽ የተመሰለውን ጋኔን ድል ያደረገች ናት፤ ስምንት ክንድ አላት። በስድስቱ ሰይፍና ጋሻ፣ ቀስትና ፍላጻ፣ የቀሩትንም መሣሪያዎቿን ይዛለች። በታችኛው ቀኝ እጇ የጎሹን ጭራ ጨብጣ፣ በታችኛው ግራ እጇ ከጎሹ ራስ የሚወጣውን ድንክ ጋኔን በጸጉሩ ይዛ፣ በጎሹ ጀርባ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ከጎኑ ድንጋዩን በአሸዋ የሚያለሰልሰው ረዳቱ ካንዳ ቀና ብሎ አያት።

«ካካ፣» አለ፤ በዚያ አገር ታላቅ ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው፤ «ይቺ አምላክ ጎሽ ልትገድል ነው የመጣችው ወይስ ማሳ ልትደለድል?»

«አንተ አሸዋህን እሽ።»

«እሻለሁ። ግን ገበሬ ትመስላለች።»

ካንዳ ቀልዶ የተናገረው ግን እውነት ነበር።

ባሁዊ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ለጦርነት ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። በዚያ አገር ሴት የሩዝ ችግኝ ትተክላለች፣ ታጭዳለች፤ እንደ በሬ የሚያርሰውን ጎሽ መጥመድ ግን የወንድ ሥራ ነው። እናቱ ታንጁንግ ሁለት ወር ጠበቀች፤ ከዚያ ጎሹን ጠምዳ ወደ ጭቃው ወረደች። መንደሩ ሁሉ ሳቀባት። እርሷ ግን ጭቃ በሚደለድለው ሳንቃ ላይ ቆማ፣ በቀኝ እጇ የጎሹን ጭራ ይዛ፣ ልጇን በጎሹ ጀርባ አስቀምጣ፣ እንዳይወድቅባት በግራ እጇ ቁንጮውን ጨብጣ፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ደለደለች። የጭቃው ሽታ፣ የጎሹ ጀርባ ሙቀት፣ በራስ ቅሉ ላይ የሚሰማው ያ ጠንካራ ጭብጥ፣ ይህ ሁሉ ከአርባ ዓመት በኋላም ከባሁዊ አልራቀም። ስትሞት በአገሩ ደንብ አቃጠሏት፤ አመዷን የፕሮጎ ወንዝ ወሰደው። ልጇ ሄዶ የሚቆምበት መቃብር የላትም። ያላት ይህ ድንጋይ ነው።

ከቀትር በኋላ ሐውልቶቹን የሚመረምረው ሊቅ፣ ዳንግ አቻርያ ዊድያሩቺ፣ የዘንባባ ቅጠል መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ገባ። ምስሏን ዞሮ አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ጦሩ የታለ?»

«ጦር የለም፣ ጌታዬ።»

«መጽሐፉ የጎሹን አንገት በጦር ወጋች ይላል። አንተ ግን ጭራውን አስያዝካት። ደግሞ ይህ ፊት ምንድን ነው? የተቆጣች አትመስልም።»

«ሥራ ላይ ናት፣ ጌታዬ። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይቆጣም።»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

«ጎሽ ጠምደው ያውቃሉ?»

ካንዳ አንገቱን ደፋ። ሊቁ ወደ ምስሉ ጠጋ ብሎ ድንኩን በጣቱ አመለከተ።

«ይህን ንገረኝ እንግዲያስ። ጋኔን ቁንጮ አለው? ይህ የሕፃን ራስ ነው። ጉንጩም የሕፃን ነው። የማን ልጅ ነው ይህ?»

ባሁዊ እጁን ወደ ገዛ አናቱ ሰደደ። ሊቁ ሞኝ አልነበረም፤ ከእጁ መልሱን አነበበ።

«በንጉሡ ቤተ መቅደስ የገዛ ቤትህን ቀረጽክ» አለ በዝግታ። «ነገ ስመለስ ጦር ማየት አለብኝ። አለበለዚያ ተሰብራ ለመሠረት መሙያ ትሆናለች።»

«ጦር የሚወጣበት ድንጋይ አልቀረም፣ ጌታዬ። የተቆረጠ ተመልሶ አይገጠምም።»

«አንገቱን ብሳውና የነሐስ ጦር ስካበት።»

ባሁዊ እጁን በጎሹ አንገት ላይ አሳልፎ አንዲት ቀጭን መስመር አሳየው። «ይህ የድንጋዩ ደም ሥር ነው። እዚህ ከበሳሁ እስከ ወገቧ ትሰነጠቃለች። ያኔ ለምረቃው ባዶ ክፍል ነው የሚያሳዩት።»

ሊቁ መስመሯን ትኩር ብሎ አያት። ከድንጋይ ጋር መከራከር አልለመደም። «ጦሩ ይቅር» አለ በመጨረሻ፤ «ጋኔኑ ግን ጋኔን ይሁን። ሕፃን እንዳላይ።»

ሲወጣ ካንዳ አሸዋውን ጣለ። «ካካ፣ ያ ሕፃን አንተ ነህ?»

«ነበርኩ።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«እሷ ትቁም፣ እኔ ጋኔን እሆናለሁ» አለና መሮውን አነሳ።

መጀመሪያ ቁንጮውን በትኖ ጨብራራ ጸጉር አደረገው፤ ቀጥሎ ለስላሳውን ጉንጭ አጎደጎደ፣ ከከንፈሩ የውሻ ክራንቻ አወጣ፣ ዓይኖቹን አፈጠጠ። በልጅነቱ እናቱ በጭቃ እጇ የዳበሰችውን ፊት በገዛ እጁ ሲያጠፋ ካንዳ ማየት አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። በጸጉሩ ላይ ያሉትን የእሷን ጣቶች ግን አልነካቸውም። በማግስቱ ሊቁ መጣ፤ ራሱን በእሺታ ነቀነቀና አለፈ።

በምረቃው ቀን ሹማምንቱ ከወጡ በኋላ ሕዝቡ እንዲገባ ተፈቀደ። ከባሁዊ መንደር የመጣችው አሮጊት ሱምፒል፣ ድሮ በታንጁንግ ከሳቁት አንዷ፣ በከዘራዋ ተደግፋ ከምስሉ ፊት ቆመች፤ ብዙ ቆየች።

«ይቺ ሴትዮ ዛሬም ጭራውን አለቀቀችም» አለች።

ባሁዊ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «አወቅሻት፣ ኒኒ?» አላት፤ በዚያ አገር አሮጊት የምትጠራው እንዲህ ነው።

«አቋቋሟን አጣዋለሁ? ሳቅንባት፤ ማሳዋ ግን ከእኛ ማሳ ቀድሞ አለቀ።» ወደ ድንኩ ጎንበስ አለች። «ልጁስ የት ሄደ?»

«ጋኔን ሆነ፣ ኒኒ።»

«ድሮም ነበርክ። ስንት ጊዜ ነው ችግኜን የረገጥከው?»

ከብብቷ እፍኝ የሩዝ ችግኝ አውጥታ ከጎሹ እግር ሥር አኖረች፤ ስትነሳም ለመደገፍ ጭራውን የያዘችውን እጅ ያዘች።

የምረቃው ጽሑፍ በድንጋይ ተቀርጾ በግቢው ቆመ። የንጉሡን ስም ይዟል፤ ሊቁን፣ ልብስ የተሸለሙትን ሹማምንት፣ በግብዣው ላይ ያሳቀውን ቀልደኛ ሳይቀር ይጠቅሳል። ባሁዊ የለበትም። ጸሐፊው ረስቶ ነው እንዳይባል ቀልደኛውን አልረሳም። ከዚያ የመንግሥቱ መናገሻ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ መሬት ተንቀጠቀጠች፣ ጣሪያው ወደቀ፣ ቤተ መቅደሱን ዱር ዋጠው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመለኪያ ገመድና ብዕር ይዘው የመጡ ሊቃውንት፣ ጭራው የድል ምልክት ነው፣ አይደለም እያሉ ተጣሉ፤ ከመካከላቸው ጎሽ ጠምዶ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ብቻ፣ መንስኤውን ሳያውቅ፣ በማስታወሻው ዳር አንድ ነገር ጽፎ አለፈ፦ ከመላው ምስል በሰው መዳፍ ብዛት የለሰለሰው፣ ጭራውን የያዘው እጅ ነው።