የረቡዕ ሳጥን

አባባ ጋሮማ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ስቶክሆልም ዳር ሃግሴትራ ሰፈር በሚኖሩበት ስድስተኛ ፎቅ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነበር። ያገኘቻቸው ልጃቸው ደሚቱ ናት፤ ስልክ አላነሳ ቢሏት ጊዜ ከማልሞ በባቡር ገስግሳ መጥታ። ፖሊስ የሰው እጅ የለበትም አለ። ሐኪሙ ደግሞ ረቡዕ ጠዋት አንሸራትቷቸው ነው፣ ነፍሳቸው እስከ ማታ አልወጣችም፣ ቀን ላይ የደረሰላቸው ሰው ቢኖር ይተርፉ ነበር አለ።

አባባ የሚያመልኩበት የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊስታ፣ የጥየቃው መዝገብ፣ ግን ሌላ ይላል። ማኅበሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ሰኞና ረቡዕ በተራ ይጠይቃል፤ የጠየቀው ሰው፣ አባላትና ቤተሰብ ሁሉ በስልክ በሚያየው ሊስታ ላይ፣ በቀኑ ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ ያየውን ይጽፋል። የረቡዕ ሳጥን እንዲህ ይነበባል፦ «እንደ ልማዳቸው ታች በር ድረስ ወርደው ተቀበሉኝ። ደህና ናቸው።» ሊስታው ማን እንደጻፈ አያሳይም፤ የዕለቱ ተረኛ ግን ሲላስ ነው። ወይ ጉድ! ወለል ላይ የወደቁ ሰው ማንን ነው ወርደው የተቀበሉት?

ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመንበሩ ጋሽ ደጀኔ ወደ ባዩሽ ደወሉ። ባዩሽ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ስቶክሆልም ከመጣች ወዲህ እንጀራዋ ማኅበራትን ማቃናት ነው፤ አመራሩ እንዴት እንደሚተካካ፣ ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ሳይሆን በሥርዓት እንዴት እንደሚቆም ታማክራለች። ሊስታውን ያበጀችላቸውም እሷው ናት።

«እህት ባዩሽ፣ ነገ ከአምልኮ በኋላ ሲላስን በጉባኤ ፊት ከማኅበሩ ልናስወጣው ነው» አሏት። «ልጁ ግን አልጻፍኩም ብሎ ድርቅ ብሏል። አንቺ ወረቀታችንንም ታውቂያለሽ፣ ምርመራውንም ታውቂበታለሽ። እስቲ እይልን።»

ሲላስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ ማቆሚያው አጠገብ ጠበቀችው።

«ረቡዕ ሄደሃል?»

«አልሄድኩም።»

«ሄጃለሁ ብለህ ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም! ጠዋት ሊስታውን ስከፍት ምልክት ተደርጎበታል፤ ጽሑፉን እንኳ አላነበብኩም። አንዱ ተክቶኝ ሄዶ ነው አልኩ።» አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎት? ደስ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ተመልሼ ተኛሁ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርካቸው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ማታ ደውለውልኝ ነበር። ‹ነገ ወርጄ አልቀበልህም፣ አትቀየመኝ ልጄ፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል› አሉኝ። እንግዳን ወርዶ አለመቀበል ለሳቸው ነውር ነው።» የጥሪውን ሰዓት ከስልኩ ላይ አሳያት።

የማኅበሩን ጸሐፊ ርብቃን ያገኘቻት ሎካሉ ውስጥ ወንበር ስትደረድር ነው። ሎካሉ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለማኅበሩ የሰጠው አዳራሽ ነው።

«ርብቃዬ፣ የሰኞ ተረኛ አንቺ ነበርሽ አይደል? እንዴት ነበሩ?»

«በጣም ደህና! ታች ድረስ ወርደው አቅፈው ተቀበሉኝ።»

«ሊፍቱ ከተበላሸ በኋላስ አይተሻቸዋል?»

«የምን ሊፍት?» አለች ርብቃ።

ባዩሽ ሌላ አልጠየቀቻትም። ወደ ሃግሴትራ ሄዳ ሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበበች፤ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ አይሠራም ይላል። ስድስቱን ፎቅ በእግሯ ወጣች። ደሚቱ የአባቷን ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«በሲላስ ብቻ እንዳይመስልሽ የምናደደው» አለች። «ረቡዕ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አባቴ አያነሳም። ሊስታውን ከፈትኩ፤ ደህና ናቸው ይላል። እሱን አምኜ ሥራዬን ቀጠልኩ። ልጁ ነኝ እኮ!»

ስትወርድ ባዩሽ አራተኛ ፎቅ ላይ ድንገት ቆመች። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች፤ አየችው፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቱን ቀድዳ ብትጥለው የሚያውቅባት አልነበረም። ሲላስ ይወጣል፣ የእሷ ስምና ሥራ ይተርፋል። ይህን አሰበችው፤ ቢያሳፍርም አሰበችው።

እሁድ ከአምልኮ በፊት ጋሽ ደጀኔን፣ ርብቃን፣ ደሚቱንና ሲላስን ሎካሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሲላስ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ማንም ሰላም አላለውም።

«ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን» ብላ ጀመረች። «ጥያቄው መቼ ተጻፈ ነው። ‹ታች ወርደው ተቀበሉኝ› ይላል። ሊፍቱ የቆመው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በአባባ ጉልበት ስድስት ፎቅ አይወረድም። ሲላስ ደግሞ ይህን ማክሰኞ ማታ ከራሳቸው አፍ ሰምቷል፤ ረቡዕ ልዋሽ ቢል እንኳ እንዲህ ብሎ አይዋሽም። የጻፈው ሰው ሊፍቱ ሳይበላሽ ነው የጻፈው።»

«የረቡዕን ሰኞ?» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «ምን ሊያደርግለት?»

«ሰኞ ሙሉ ሊስታ የሚፈልግ ሰው ስለነበረ ነው።» ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ የሊስታው ቅጂ ነው። የታተመበት ቀን ከግርጌው አለ፤ ሰኞ ነው። የረቡዕ ሳጥን ግን ሞልቷል።

ርብቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እኔ ነኝ። የራሴን የሰኞውን ገልብጬ ረቡዕ ላይ ለጠፍኩት። ማክሰኞ ኮሙኑ ሎካሉን ይዘው ይቀጥሉ አይቀጥሉ ብሎ የሚወስንበት ስብሰባ ነበር፤ ባዶ ሳጥን ከታየ ይነጥቁናል ተባልኩ። ሲላስ መቼም አይቀርም ብዬ እኮ ነው! በኋላ የሱ ስም ሲነሳ... አፌ ተያዘ። አፈርኩ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አለች ደሚቱ።

ርብቃ ባዩሽን ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች።

«እኔ ነኝ» አለች ባዩሽ። «‹ሰኞ ማታ ሞልተሽ አምጪልኝ፣ አንድ ባዶ ሳጥን እንዳላይ› ያልኳት እኔ ነኝ። ይህ ወረቀት ከሰኞ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ስመረምር ኖሬ፣ ያልደረሰ ቀን ተሞልቶ ሲሰጠኝ ‹ሥራ ማለት እንዲህ ነው!› ብዬ አመሰገንኳት። ለኮሙኑ በሰጠሁት ሪፖርት ላይም መቶ በመቶ ብዬ ጻፍኩ። ሊስታው ላይ ‹አልተሄደም› የሚባልበት ቦታ እንኳ አላበጀሁም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ባዩሽ በወደደች።

ጋሽ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ጌታ ያውቃል። ነገሩ እዚሁ ቢቀር ምን ይመስላችኋል? ኮሙኑ ከሰማ ማኅበሩ አበቃለት። አንቺም ብትሆኚ...»

«ነገ ጠዋት ለኮሙኑ እጽፋለሁ፣ ጋሽ ደጀኔ። እርስዎ ዛሬ በጉባኤው ፊት የሲላስን ስም ይመልሱለት።»

አዛውንቱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተውም ሲላስ ፊት ቆሙ። «ይቅር በለኝ ልጄ።»

«እኔም እኮ ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ» አለ ሲላስ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ደሚቱ ካፖርቷን ለበሰች። «ሲላስ፣ ነገ ዕቃውን ላወርድ ነው። ሊፍቱ አሁንም አልተሠራም። ታግዘኛለህ?»

«እመጣለሁ።»

«እኔም ልምጣ?» አለች ባዩሽ፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ደሚቱ በሩን እንደያዘች ዞራ አየቻት።

«ነይ» አለቻት። «ሊስታ ግን እንዳትይዢ።»